ጫካ የተባለውን ቅጠል ከመካከላችን ማን ያነበዋል?

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ እኔ ከምኖርበት ሕንፃ ደጃፍ፣ በሲሚንቶ የተለበጠ የእግር መንገድ አለ። ሲሚንቶው ገና ሳይደርቅ አንድ ቅጠል ወድቆበት ኖሮ፣ ቅጠሉን ነፋስና ዝናም ከወሰዱት በኋላ መልኩ በመንገዱ ላይ ታትሞ ቀርቷል። መንገደኛው ሁሉ ይረግጠዋል፤ የሚያየው ግን የለም። እኔም ብዙ ጊዜ ረግጬው ካለፍሁ በኋላ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ስመለከተው፣ በጎረቤትነት የማከብራቸው አንዲት እናት «ምን ጠፋብህ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ምንም እንዳልጠፋብኝ ነግሬ ቅጠሉን አሳየኋቸው። ጥቂት አየት አደረጉና «ይሄማ ባሕር ዛፍ ነው» አሉ። በምን ዐወቁት ብላቸው፣ «ጠባብ ነው፣ ረጅም ነው፣ እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሏል፤ በመካከሉ አንድ ጅማት ሄዷል። ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ነው?» ብለው በጥያቄዬ እየሳቁ ወደ ቤታቸው ገቡ።

አንባቢ ሆይ፣ እኒህ እናት ያደረጉትን ነገር እንደ ቀላል አትቍጠረው። ቅጠሉ የለም፤ ሽታው የለም፤ ቀለሙ የለም፤ ግንዱም አበባውም ፍሬውም የለም። የቀረው መልኩ ብቻ ነው። እርሳቸው ግን ከመልኩ ተነሥተው ስሙን አገኙ። በዓለም ታላላቅ ቤተ መዘክሮች ተቀምጠው በድንጋይ ላይ የቀረ ቅጠል የሚመረምሩት ሊቃውንትም ሥራቸው የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ልዩነቱ ያ ቅጠል ከዛፉ የወደቀው ትናንት ሳይሆን ከሚሊዮን ዓመታት በፊት መሆኑና፣ አንዳንድ ጊዜም ዛፉ ከዚህ ቀደም ማንም ያልሰየመው ሆኖ መገኘቱ ነው።

እኔ ዛሬ በዚህች ጋዜጣችን ላይ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ እንዲህ ያለው ቅጠል በአገራችን ምድር ተገኝቶ፣ በቋንቋችን ቃል ተሰይሞ፣ ከመማሪያ ክፍላችን ብዙ ሳይርቅ ተቀምጦ ሳለ፣ እኛ ተማሪዎቹ ግን ሳናውቀው የምንኖር ስለ ሆነ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ያህል፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ጭልጋ የሚባል አገር አለ። በዚያ የጓንግ ወንዝና ገባሮቹ ምድሩን እየሸረሸሩ ጥንታዊ የደለል ድንጋይ አውጥተዋል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የፈሰሰው የቀለጠ አለት ንብርብር እየሆነ የሰሜኑን የአገራችንን ደጋ ሠራ። በዚያ አለት ላይ ደግሞ በኋላ ወንዝ ፈሰሰበት፣ ረግረግም ተኛበት። እሳተ ገሞራውም ፈጽሞ አልጠፋ ኖሮ አልፎ አልፎ አመዱን ያዘንም ነበር። በወንዙ ዳር ከነበሩት ዛፎች የረገፈው ቅጠል በጭቃና በአመድ ተሸፈነ፤ አየር ስላላገኘውም ሳይበሰብስ ቆየ፤ ጭቃው ወደ ድንጋይነት ሲለወጥ የቅጠሉ መልክ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ጸና። እንዲህ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ለሸፈነው ነገር ዕድሜ ምስክር ይሆናል፤ በውስጡ ያሉት ማዕድናት በምን ጊዜ እንደ ተሠሩ ለመለካት ይቻላልና። ስለዚህ የጓንግ ወንዝ ቅጠሎች ዕድሜ 27.23 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ ታውቋል።

ጭልጋ በዓለም ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ እንስሳቱ ናቸው። ጆን ካፕልማንና ጓደኞቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የዝሆን ዘመዶች የነበሩ ጥንታውያን እንስሳትንና፣ አውራሪስ የሚመስል ነገር ግን አውራሪስ ያልሆነ አርሲኖይቴሪየም የተባለ ባለ ሁለት ቀንድ ታላቅ እንስሳ በዚያ እንደ ነበሩ አስረድተዋል። ከእንስሳቱ ቀጥሎ ቅጠሉ ተናገረ። አሮን ፓን፣ ቦኒ ጄኮብስና ባልደረቦቻቸው ዓመት እየቈጠሩ አንድ በአንድ ገለጡት። በ2006 እ.ኤ.አ. ከዘምባባ ወገን የሆነችውን፣ ዘመዶቿ ዛሬ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ጫካ ውስጥ የሚኖሩትን፣ ወንበር የሚጐነጐንባትን ዓይነት ሐረግ ኤሬሞስፓታ ጭልጋኤንሲስ ብለው ሰየሙ። በ2009 እ.ኤ.አ. የኮላ ዛፍ ወገን የሆነ ቅጠል ኮላ አማራኤንሲስ ተባለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓን፣ ጄኮብስና ፓትሪክ ሄረንዲን ከአተር፣ ከባቄላና ከግራር ቤተሰብ ሁለት ዛፎችን አወጡ። አንዱን አፍዜሊያ አፍሮ አራቢካ አሉት፤ በዚያ ዘመን ቀይ ባሕር ገና ስላልተከፈተ አፍሪካና ዓረብ አንድ ምድር እንደ ነበሩ ለማስታወስ የሚበቃ ስም ነው። ሁለተኛውን ሲኖሜትራ ጫካ አሉት።

አዎን፣ ጫካ! የላቲን ቃል አይደለም፤ የግሪክም አይደለም። እናቶቻችን «ጫካ ለጫካ አትሂድ» ብለው የሚገሥጹበት ያው ቃል ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቦዬ ዘመድ የሆነች የሐረግ ቅጠል ዲዮስኮሪያ ጓንገንሲስ ተብላ በወንዙ ስም ተጠራች።

እንግዲህ እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ከመካከላችን ይህን ስም ሰምቶ የሚያውቅ ስንት ነው? ስለ ሉሲ የማያውቅ የለም፤ በ1974 እ.ኤ.አ. በሐዳር እንደ ተገኘች ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ተምረናል። ስለ ጫካ ግን የነገረን የለም። በአገራችን ሕግ እንዲህ ያለው የጥንት ቅሪት የሕዝብና የመንግሥት ቅርስ ስለ ሆነ፣ የጭልጋ ቅጠሎችም ማደሪያቸው አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ለሚሄድ ሰው ይህ ቤት የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ሌላው ዓለም በባሕርና በአየር ተሻግሮ ሊያየው ይመጣል፤ እኛ በደጃፉ እናልፋለን። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የሚባለውስ?

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ «ስሙ ከተሰጠ፣ ድንጋዩም በአገር ውስጥ ከተቀመጠ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ይለኝ ይሆናል። ለዚህ መልስ ለመስጠት አንድ የዕፅ ስም እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

የዕፅዋት ስም አወጣጥ ዓለም አቀፍ ሕግ አለው። በሕይወት ላሉት ዕፅዋት የስም ቈጠራው የሚጀምረው ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ካሳተመው መጽሐፍ ሲሆን፣ በድንጋይ ውስጥ ለቀሩት ግን ከ1820 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። አዲስ ዝርያ አገኘሁ የሚል ሰው እንዲሁ ስም ጠርቶ አይሄድም። መልኩን በጽሑፍ መግለጥ፣ ሥዕሉን ወይም ፎቶግራፉን ማሳየት፣ ከዘመዶቹ በምን እንደሚለይ ማስረዳት አለበት። ከሁሉ በላይ ግን አንድን ናሙና መርጦ «ይህ ስም የዚህ ነው» ብሎ ማሰርና፣ ያ ናሙና በየትኛው ቤት እንደ ተቀመጠ መናገር ይገባዋል። ይህ የምስክር ናሙና ይባላል። ከዚያ በኋላ በዓለም ዳርቻ ያለ ሰው ሁሉ «እኔም ያንኑ ቅጠል አገኘሁ» ለማለት ቢፈልግ ከዚያ ምስክር ጋር ማስተያየት አለበት። መጽሐፉ ቢሳሳት ምስክሩ ያርመዋል። ስለዚህ ምስክሩ የተቀመጠበት ቤት የዳኝነት ቤት ነው ማለት ነው።

አሁን ልብ እንበል። ዳኝነቱ የሚታይበት ቤት በእኛ ከተማ ሆኖ ሳለ ዳኛው፣ ጠበቃውና ታዛቢው ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ፣ እኛ የቤቱ ባለቤት ነን ወይስ የቤቱ ዘበኛ? ዘበኝነት የተናቀ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጠብቆ ማቆየትም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማር ሰው ከመጠበቅ አልፎ ማንበብ ይጠበቅበታል።

ይህን ስል የውጭ አገር ሊቃውንቱን ለመንቀፍ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። እነርሱ ፀሐይና አቧራ ችለው፣ ድንጋይ ሰንጥቀው፣ ገጽ በገጽ መርምረው የሠሩትን ማመስገን እንጂ መቅናት አይገባም። የቋንቋችንን ቃል ለዛፉ የሰጡትም እነርሱ ናቸው። ደግሞም የአገራችን ሰው ፈጽሞ የለበትም ለማለት አይቻልም፤ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በሙሽ ሸለቆ ከተገኙት የ21 እና የ22 ሚሊዮን ዓመት ፍሬዎች ኒውቶኒያ ሙሸንሲስ የተባለው ዛፍ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲገለጥ፣ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሙሉጌታ ፍሥሐ ነበሩ። ጥያቄዬ ይህ አንድና ሁለት ስም ለምን አሥርና ሃያ አልሆነም የሚል ነው።

በአጥንት በኩል ግን መንገዱ ተከፍቷል። ብርሃኔ አስፋውና ባልደረቦቻቸው በ1999 እ.ኤ.አ. አውስትራሎፒቴከስ ጋርሂን ሲሰይሙ ከአፋርኛ ቃል ወሰዱ። ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ አርዲፒቴከስ ካዳባን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ አውስትራሎፒቴከስ ዴይሬሜዳን ለዓለም አስታወቁ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ደግሞ ሰላም የተባለችውን የዲኪካ ሕፃን በ2006 እ.ኤ.አ. ገለጡ። እነዚህ ሰዎች የአገራቸውን አጥንት ራሳቸው አንብበዋል። ታዲያ ያ ፍጡር ከጥላው የተቀመጠበትን ዛፍ፣ ፍሬውን የለቀመበትን ቅርንጫፍ የሚያነብ ለምን ጠፋ? አጥንቱ ዝና አለው፤ ቅጠሉ ዝና የለውም። ዝና ወዳለበት ብቻ የሚሮጥ ትምህርት ግን ግማሽ ትምህርት ነው።

ቅጠል ምን ይናገራል? ብዙ ይናገራል። ጠርዙ ለስላሳ ነው ወይስ ባለ ጥርስ? ኤርቪንግ ቤይሊና ኤድመንድ ሲኖት የተባሉ አሜሪካውያን በ1915 እ.ኤ.አ. እንዳመለከቱት፣ በሞቃት አገር ከሚበቅሉት ዛፎች የሚበዙት ጠርዛቸው ለስላሳ ሲሆን፣ በብርዳም አገር ባለ ጥርሱ ይበዛል። ስለዚህ ከአንድ ሥፍራ ብዙ ዓይነት ቅጠል የሰበሰበ ሰው የጥንቱን ሙቀት ይገምታል። የቅጠሉ ስፋት ደግሞ የዝናሙን ብዛት ያመለክታል። ጫፉ ሾጣጣ ነው ወይስ ደልዳላ? ሁለቱ ጎኑ እኩል ነው ወይስ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ? የሲኖሜትራ ወገን ቅጠሎች አንዱ ምልክታቸው ይህ የጎን አለመመጣጠን ነው። ከዋናው ጅማት የሚወጡት ጅማቶች እስከ ጠርዙ ይደርሳሉ ወይስ ሳይደርሱ ተጠማዘው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ? በእነርሱ መካከል ያለው ጥቃቅን መረብስ ምን ዓይነት ነው? ይህን ሁሉ በየተራ ጠይቆ መልሱን የጻፈ ሰው ቅጠሉን አነበበ ይባላል።

እንዲህ እየተነበበ ነው እንግዲህ ዛሬ እርሻና ግጦሽ የሆነው የጭልጋ ምድር ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ጫካ ጋር የተዘመደ ዛፍ፣ ዘምባባና ሐረግ የሞላበት እንደ ነበር የታወቀው። አሁን ያለው የአገሩ መልክ ከዘለዓለም የነበረ እንዳልሆነ፣ ለዘለዓለምም እንደማይኖር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ መምህር ከየት ይገኛል?

ይሁን እንጂ ከዚህ ላይ ወደ ኋላ የሚያስብል አንድ አደጋ አለ፤ እርሱም ችኮላ ነው። አንዳንድ ወንድሞቼ ይህን ነገር ሲሰሙ ወዲያው «በሉ እንግዲህ፣ እኛም ሄደን አንድ ቅጠል እናግኝና በአገራችን ስም እንጥራው» ይላሉ። ስሜቱ መልካም ነው፤ አካሄዱ ግን ወደ ስሕተት ይወስዳል። ቅጠል ይናገራል ብያለሁ፤ ቅጠል ያታልላል ማለትንም መርሳት የለብኝም።

ለዚህም ሩቅ ሳንሄድ ያንኑ ባሕር ዛፍ እንይ። ነጭ ባሕር ዛፍ ተቈርጦ ከጉቶው ሲያቈጠቍጥ የሚያወጣውን ቅጠል ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ ሰፊና ክብ መሰል ነው፣ አመድማ ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ያለ እግር ከግንዱ ይጣበቃል። ዛፉ ሲያድግ የሚያወጣው ደግሞ ጠባብ፣ ረጅም፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ በእግሩ የሚንጠለጠል ነው። ሁለቱ ለየብቻ በድንጋይ ውስጥ ቢገኙና ዛፉን የማያውቅ ሰው ቢያያቸው፣ ሁለት ዝርያ አድርጎ ለመሰየም አያመነታም ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ ብዙ ሊቃውንት በዚህ ወጥመድ ወድቀዋል፤ በቅጠል መልክ ብቻ የሰየሟቸው ብዙ ዝርያዎች በኋላ ሲመረመሩ ወይ ሌላ ወገን ሆነው ተገኝተዋል፣ ወይም ከሌላ ስም ጋር ተጠቅልለዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እውነት ነው። የተሳሳተ ስምም ከመቃብር በላይ ይውላል። አንድ ጊዜ ከታተመ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ሁሉ እየፈተሸ፣ እያረመ፣ እየተወቃቀሰ ይኖራል።

በዚያው በባሕር ዛፍ የጥሩ ሥራ ምሳሌም ይገኛል። እኛ ባሕር ዛፍን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ አድርገን እናውቀዋለን። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጽሑፍ ግን ከሁሉ የሚቀድመው የባሕር ዛፍ ቅሪት የተገኘው በአርጀንቲና፣ በፓታጎንያ፣ 52 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቈጠረ ድንጋይ ውስጥ እንደ ሆነ አስረዳ። ሰዎቹ ይህን የመሰለ አስደናቂ ነገር ለመናገር የደፈሩት ቅጠሉን ብቻ ይዘው አይደለም፤ እንቡጡን፣ አበባውንና ፍሬውን ጭምር አግኝተው ነው። ደፋር አሳብ ትዕግሥተኛ ማስረጃ ይፈልጋል ማለት ይህ ነው።

ትዕግሥቱን የምንማርበት ቤት ደግሞ አለን። በድንጋይ ያለውን ቅጠል ለማወቅ በሕይወት ያለውን ቅጠል ማወቅ ግድ ነው። በአራት ኪሎ በ1959 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ብሔራዊ ሄርባሪየም ከየአገሩ ተሰብስቦ በወረቀት ላይ የተለጠፈ የአገራችንን ዕፅዋት ይዟል። ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት የሚናገረው ታላቅ መጽሐፍ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ብዙ የአገር ውስጥና የውጭ ሊቃውንት ደክመውበት በ2009 እ.ኤ.አ. በስምንት ቅጽ ተፈጽሟል። ስለ ስድስት ሺሕ ያህል ዝርያ ይናገራል። እንግዲህ ሙዚየሙ አምስት ኪሎ አጠገብ፣ ሄርባሪየሙ አራት ኪሎ። የድንጋዩ ቅጠልና የሕያው ቅጠል መዛግብት በአንድ የታክሲ መንገድ ላይ ተቀምጠው አንባቢ ይጠብቃሉ። ይህን የመሰለ ዕድል ያለው ዩኒቨርሲቲ በዓለም ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ ልምጣ። ይህን አሳብ ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «ወንድሜ፣ ከገላን አራት ኪሎ ለመድረስ ማለዳ ተነሥተህ ተሰልፈህ፣ ታክሲ ቀያይረህ ትመጣለህ፤ የቤት ኪራይህን የሚከፍልልህ፣ ምሳህን የሚያበላህ ይህ የ27 ሚሊዮን ዓመት ቅጠል ነው?» አለኝ። ንግግሩ ከቀልድ በላይ ነው። ከእኛ ብዙዎች የሚያስቡት ይህንኑ ነው፤ ወላጆቻችንም ቢሰሙ እንደዚሁ ይሉናል።

መልሴ ይህ ነው። ደጃፌ ያለውን ሲሚንቶ ለመሥራት የአገራችን ፋብሪካዎች ድንጋይ ከሰል ያነዳሉ። በጭልጋ ድንጋይ ከሰል መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል። ከሰሉና የቅጠሉ ድንጋይ ደግሞ የአንድ ረግረግ ልጆች ናቸው፤ ንብርብራቸውም ተጎራብቶ ይገኛል። አገር ከሰል ትፈልጋለች፤ መፈለጓም አይነቀፍም። ነገር ግን ከሰል በሚወጣበት በማንኛውም ሥፍራ በላዩና በታቹ ያለውን የሸክላ ድንጋይ ሰንጥቆ የሚያይ አንድ የተማረ ሰው ከሌለ፣ ማንም ያላነበበው መጽሐፍ ከአፈር ጋር ተዝቆ ይጣላል። ያንን ሰው ማሠልጠን የቅንጦት ሥራ ነው? የምድርን ንብርብር ለይቶ የሚያውቅ፣ ዕድሜውን የሚገምት፣ የጥንቱን ውኃና ዝናም የሚያነብ ሰው ለከሰሉም፣ ለከርሰ ምድር ውኃውም፣ ለአፈሩም የሚያስፈልግ ሰው ነው። ደግሞስ የደቡብ ወገኖቻችን የሚመገቡት የቦዬ ዘመድ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት በጓንግ ዳር ይጠመጠም እንደ ነበር ማወቅ፣ ስለ ምግባችን ታሪክ ማወቅ አይደለምን?

ሌላም ምክንያት አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ለጥናት ወደዚያ መውጣት ምን ያህል እንደ ከበደ ሁላችንም አይተናል። ወደ ጉድጓዱ መሄድ ሲያቅት ወደ መሳቢያው መሄድ ይቻላል። ብዙ አዲስ ዝርያ የሚገኘው ከሜዳ ብቻ ሳይሆን፣ ቀደም ብሎ ተሰብስቦ በሣጥን ከተቀመጠውና በደንብ ካልታየው ናሙና ጭምር መሆኑን የዕፅዋት ጥናት ታሪክ ይመሰክራል።

እንግዲህ በበኩሌ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ የዕፅዋትና የምድር ጥናት መምህሮቻችን በየዓመቱ አንድ የተግባር ትምህርት በሙዚየሙና በሄርባሪየሙ መካከል እንዲያደርጉልን እንለምናለን። ጠዋት በድንጋይ ያለውን ቅጠል ሥለን፣ ከሰዓት በኋላ በሕይወት ካለው ዘመዱ ጋር እናስተያይ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፈቃድ፣ እርሳስ፣ ማጉያ መስታወትና ትዕግሥት ይበቃል።

ሁለተኛ፤ የቅጠል ቃላት በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ይሰብሰቡ። ሕጉ አዲስ የጥንት ዕፅ ሲገለጥ መግለጫው በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ እንዲሆን ያዝዛል፤ በተጨማሪ በአማርኛ እንዳይጻፍ ግን አይከለክልም። ዓለም ከእኛ ጤፍን ከነስሙ፣ እንሰትንም ከነስሙ ወስዶ በሳይንስ መዝገብ ጽፏል። ለስም የበቃ ቋንቋ ለመግለጫ የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም። ጠርዝ፣ ጅማት፣ መረብ፣ ጫፍ የሚሉት ቃላት እኮ ቀድሞውንም አሉን፤ የጎደለው ማን ምን ብሎ እንደሚጠራው መስማማት ነው። የጭልጋ ገበሬም በማሳው ጠርዝ ስላለው ድንጋይ በገዛ ቋንቋው ቢነገረው ከማንም የተሻለ ጠባቂ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ማኅበራችን አንድ አነስተኛ የቅጠል አንባቢዎች ቡድን ያቋቁም። ሥራው ዝርያ መሰየም አይሁን፤ ለዚያ ገና ነን። ሥራው በግቢያችን ያሉትን ዛፎች፣ ወይራውን፣ ጥዱን፣ ዋንዛውን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውን ቅጠል በቅጠል መሣልና መግለጥ ይሁን። ከአንዱ ዛፍ የጥላውንና የፀሐዩን፣ የለጋውንና የአሮጌውን ቅጠል ለቅሞ ምን ያህል እንደሚለያዩ ይመዝግብ። ይህን ለሁለት ዓመት የሠራ ተማሪ በጭልጋ ድንጋይ ፊት ቢቆም የሚያየውን ያውቃል፤ የማያውቀውንም «አላውቀውም» ለማለት ድፍረት ያገኛል። ለእኔ ከመሰየም ይልቅ ይህኛው ድፍረት ይበልጥብኛል።

በእነዚህ ላይ ተቃውሞ ወይም የተሻለ አሳብ ያለው መምህርም ሆነ ተማሪ ለዝግጅት ክፍላችን ይጻፍ፤ በሚመጣው ቍጥር እንዲወጣለት እንጠይቃለን። ቡድኑ እንዲቋቋም የሚፈልግም ስሙን ያስመዝግብ።

ጎረቤቴ እናት ከዚያ ቀን ወዲህ ባለፉ ቍጥር ያችን ቅጠል ሳይረግጧት ዞር ብለው ያልፋሉ። ትናንትና ደግሞ ጠርተው «አንተ ልጅ፣ እዚያ ማዶ በአዲሱ ለበጣ ላይ ሌላ ቅጠል አለ፤ እርሱን ግን እኔም አላወቅሁትም፤ መጥተህ እየው» አሉኝ። ቅዳሜ ማጉያ መስታወት ይዤ እሄዳለሁ።